ሕፃኑ ስንት ወሩ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ ፊልም በሚጻፈው ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ አገላለጽ አለ፦ «ቀለል ያለች አስቂኝ ፊልም»። ብዙ ጊዜ የሚሰጠውም ሥራዋ እያማረላት ሳለ ሳታስበው እናት ስለሆነች ሴት ለሚሠራ ኮሜዲ ነው። ከገምጋሚው ጋር ጠብ የለንም። ፊልሙ ቀላል መሆን አለበት፤ ተመልካቹም ስቆ ይውጣ። ይህን ዓይነት ፊልም መጻፍና መቅረጽ የሚያውቅ ሰው ግን ቀላልነቱ ከከባድ ሒሳብ በኋላ እንደሚመጣ ያውቃል። ሒሳቡም የሰዓት ነው። ሴትዮዋ ያላት እንደማንም ሰው 24 ሰዓት ነው። መሥሪያ ቤቱ ድርሻውን ወስዷል፤ ሕፃኑ ደግሞ በተረፈው አይረካም፣ መሥሪያ ቤቱ የያዘውንም ይፈልጋል። ሳቁ ያለው ሁለቱ በሚላተሙባት ደቂቃ ላይ ነው። ጸሐፊው ያቺን ደቂቃ ካላወቃት በእጁ የሚቀረው ትውከትና ዳይፐር ብቻ ነው።

ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ስክሪፕት የመጀመሪያው ጥያቄ ሴትዮዋ ማን ናት የሚለው አይደለም። ሕፃኑ ስንት ወሩ ነው? «ሕፃን» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ታሪኩ ገና አልተጻፈም። አራስ ልጅ በቀንና ሌሊት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። በድምሩ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል፤ እንቅልፉ ግን የተቆራረጠ ስለሆነ ለእናትየው እንቅልፍ አይሆናትም። ትንሹን ቁጥር ወስደን፣ ስምንቱን ጊዜ ብቻ፣ ማጥባቱን፣ ማስገሳቱንና ዳይፐር መቀየሩን አንድ ላይ በ40 ደቂቃ ብናስበው 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሄደ ማለት ነው። ያም አንዳች ነገር ሳይበላሽ ነው። በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ለቅሶው ጣሪያ ይነካል፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ ፊት አይቶ ፈገግ ማለት ይጀምራል። የከፋው ለቅሶና የመጀመሪያው ፈገግታ በአንድ ሰሞን መምጣታቸውን የትኛውም ጸሐፊ ቢፈጥረው «አጋነንክ» ይባል ነበር።

ወደ 4 ወር ሲጠጋ አንገቱን አጽንቶ ይይዛል። በ6 ወር ገደማ ይቀመጣል። ከ8 ወር አካባቢ ጀምሮ የማያውቀው ሰው ሲያቅፈው ይጮኻል። በ9 ወሩ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጋጥሞ ትንሽ ነገር ቆንጥሮ ያነሳል። እያንዳንዱ ዕድሜ የራሱ ቀልድ አለው፤ አንዱ ለሌላው አይበደርም። የስድስት ሳምንቱ ልጅ ስብሰባ ላይ ቢመጣ ችግሩ ማስቀመጫ ቦታ ማጣቱ ነው፤ ከክንድ ወረደ ማለት ለቅሶ ነው። የዘጠኝ ወሩ ልጅ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የወረቀት መያዣ ሽቦ ሁሉ እየለቀመ ወደ አፉ ይልካል፣ ያልተጨረሰውን ኢሜይል በመዳፉ መትቶ ይልከዋል። የስምንት ወሩን ልጅ አለቃው «ስጪኝ እስቲ ልያዘው» ብሎ እጁን ሲዘረጋ ተመልካቹ የሚመጣውን ያውቃል፤ መጠበቁ ራሱ ያስቃል። መጥፎ ስክሪፕት እነዚህን ሁሉ አንድ ልጅ ላይ ይከምራል። በጠዋቱ ትዕይንት እንደ አራስ ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ጣቱን ቀስሮ መብራት ያሳያል። ወላጅ የሆነ ተመልካች ይህን ወዲያው ይነቃበታል፤ ከዚያ በኋላ አይስቅም።

«ሳይታሰብ» የሚለው ቃልም በውስጡ ሦስት የተለያዩ ፊልሞች አሉበት። ሳታስብ ያረገዘች አለች። የሟች ዘመድ ልጅ በአደራ የደረሳት አለች። ደጃፍ ላይ የተገኘ ሕፃን እጇ ላይ የቀረባትም አለች። ይህ የመጨረሻው ዛሬ ተረት ቢመስልም የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆሊውድ በ1930 (እ.ኤ.አ.) አውጥቶ ከ1934 ጀምሮ አጥብቆ ያስፈጸመው የሥነ ምግባር ደንብ ያላገባች ሴት እርግዝናን የሳቅ ጉዳይ ማድረግን አስቸጋሪ አድርጎት ነበር። ጸሐፊዎቹ መውጫ ቀዳዳ አበጁ፦ ሕፃኑ የሌላ ሰው ይሁን፣ ሰው ሁሉ ግን የእሷ ይምሰለው። በ1939 የወጣው፣ ጂንጀር ሮጀርስ የተወነችበት «ባችለር ማዘር» የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ከመደብር ሥራዋ የምትሰናበት ሻጭ የሰው ልጅ ታነሳለች፣ ማስተባበሏን ግን የሚያምንላት ይጠፋል። በ1952 አሜሪካዊቷ ኮሜዲያን ሉሲል ቦል በእውኑም በቴሌቪዥን ድራማዋም ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ ቴሌቪዥኑ «እርጉዝ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአየር ላይ አላስባለም። (እኛ ብንሆን «ነፍሰ ጡር» ብለን እናልፈው ነበር።)

ሦስቱ ዓይነቶች የሚያስቁበት ምክንያት ይለያያል። የተገኘ ልጅ ፊልም የወሬ ኮሜዲ ነው፤ የሚያስቀው ሰዎች የሚያምኑት ነገር ነው። የአደራ ልጅ ፊልም ያለማወቅ ኮሜዲ ነው። የእርግዝና ፊልም የቆጠራ ኮሜዲ ነው። በ1987 ዳያን ኪተን የተወነችበት «ቤቢ ቡም» ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ የማኔጅመንት አማካሪ የሆነች ሴት የሩቅ ዘመዷን ልጅ ትወርሳለች። እዚያ ላይ የተደረገው ምርጫ ብልህነት ነበረው፦ ልጅቷ አራስ አይደለችም፣ ትቀመጣለች፣ ምግብ ትበላለች። ስለዚህ ማጥባትም የለም፣ ከወሊድ ያላገገመ ሰውነትም የለም። ሥራውን ሁሉ የሠሩት ልጅ ይዘው የማያውቁ እጆች ናቸው። ያንን ፊልም የሚኮርጁ ሰዎች አራስ ልጅ ያስገቡና የዚያን ፊልም ቀልዶች ይጠቀማሉ፤ አይገጥምም።

የቆጠራውን ፊልም የሚጽፍ ሰው መቁጠር መቻል አለበት። እርግዝና 280 ቀን ነው ሲባል የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። ወር አበባዋ ቀርቶ ምርመራው «አዎ» ባለበት ቀን ሐኪሙ 4 ሳምንት ብሎ ይጽፋል። ዘጠኝ ወር አለኝ ብላ የምታስብ ገጸ ባሕርይ ያላት ስምንት ነው። ድካሙን በሥራ ብዛት አሳብባ በ12ኛው ሳምንት ካወቀች ደግሞ 28 ሳምንት ቀርቷታል፤ የፕሮጀክቱ ርክክብ ከዚያ ቀን ጀምሮ 30 ሳምንት ቢቀረው ሴራው በራሱ ተጽፏል። ምልክቱንም ከትውከት ውጪ መፈለግ ነው። ማቅለሽለሽ በተለምዶ የሚጀምረው በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ሲሆን ብዙዎችን ከ12 እስከ 14 ባለው ይለቃቸዋል። ከዚያ በፊት ድካም አለ፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት አለ፣ ሽታ መጥላት አለ። ስብሰባ መሀል ሮጦ መውጣትን ተመልካች ሺህ ጊዜ አይቶታል። የአለቃዋ ቡና በመጣ ቁጥር ወንበሯን አንድ ስንዝር የምታርቅ፣ በስብሰባው ማብቂያ በሩ ጋ የደረሰች ሴት ግን ምንም ሳትናገር ሁሉን ተናግራለች።

ሆዱን በተመለከተ አንድ ነጥብ። በመጀመሪያ እርግዝና ሆድ ለሰው መታየት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ባለው ነው። ፊልም በትዕይንት ቅደም ተከተል አይቀረጽም፤ ስለዚህ ቢያንስ ሦስት የስፖንጅ ሆድ ይሠራል፣ የ20፣ የ28 እና የ36 ሳምንት። በእያንዳንዱ ትዕይንት አናት ላይም ሳምንቱ ይጻፋል። ያልተጻፈ እንደሆነ ሴትዮዋ ማክሰኞ ሰባት ወር፣ ሐሙስ አምስት ወር ሆና ትገኛለች። ሌላው ስሕተት የስፖንጅ ሆድ መቅለሉ ነው። ተዋናይቷ ከወንበር እንደ ልጃገረድ ብድግ ትላለች። ሆዱ ውስጥ በከረጢት አሸዋ ወይም እህል ተጨምሮ፣ ማንገቻው በትከሻ በኩል ሲያዝ ወገቧ ራሱ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ለመነሳትም የጠረጴዛውን ጠርዝ ትይዛለች። ያንን ትወና ማንም ማስተማር አያስፈልገውም።

ምጡ ላይ ብዙ አንቆይም። የእንሽርት ውኃ ምጥ ሳይጀምር የሚፈሰው ከአሥር ሴት በአንዷ ገደማ ነው፤ በፊልም ግን በአሥሩም፣ ያውም ውድ ምንጣፍ ላይ። የመጀመሪያ ምጥ ደግሞ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። በመኪና ጥሩምባ እየነፉ መክነፍ ከሚያስቀው በላይ የሚያስቀው ከንፎ ደርሶ «ገና ነው፣ ቤታችሁ ሂዱ» መባል ነው። የተለመደው መመሪያ ምጡ በየ5 ደቂቃው ሲመጣ፣ አንዱ 1 ደቂቃ ሲቆይ፣ እንዲያ ሆኖ 1 ሰዓት ሲዘልቅ ሂጂ ይላል። በየመሀሉ 4 ደቂቃ አለ ማለት ነው። ሥራዋን ማስረከብ ያልጨረሰች ሴት በ4 ደቂቃ ውስጥ ስንት ኢሜይል እንደምትመልስ ለጸሐፊው ትተነዋል።

ብዙ ስክሪፕት የሚወድቀው ከዚያ በኋላ፣ ወደ ሥራ ስትመለስ ነው። መጀመሪያ ሥራዋ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ስልክ ይዛ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ ሴት «ሥራ ያላት» ተብላ ትቀርባለች። ሥራው የማይገፋ ሰዓት ያለው መሆን አለበት፦ ጨረታ የሚዘጋበት፣ የወር ሒሳብ የሚታሰርበት፣ ችሎት የሚሰየምበት። እናንተም የገጽ መዝጊያ ሰዓት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጡት ለማጥባት ብሎ ማተሚያ ቤት አይጠብቅም። ሁለተኛ፣ በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የ2000 (እ.ኤ.አ.) የወሊድ ጥበቃ ስምምነት፣ ቁጥር 183፣ ዝቅተኛው የወሊድ ፈቃድ 14 ሳምንት ነው፤ ለማጥቢያም በየቀኑ አንድ ወይም ከዚያ በላይ እረፍት፣ ወይም የሥራ ሰዓት ቅነሳ ይሰጣል፣ ይህም እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈልበታል። ከወሊድ በኋላ ቶሎ የተመለሰች ገጸ ባሕርይ ስለዚህ ገና ሦስት ወር ገደማ የሆነውን ልጅ ትታ የመጣች ናት። ልጁ ቤት ቢቀርም ሰዓቱ ከእሷ ጋር መጥቷል፤ ጡቷ በየ3 ሰዓቱ ገደማ ይሞላል።

እዚህ ላይ ኮሜዲ ሊቃርመው የሚገባ ያልተነካ ማሳ አለ፦ የጡት ወተት ማለቢያው። ዕቃው ጡት ላይ የሚገጠም ቀፎ፣ ትንሽ የላስቲክ ቫልቭ፣ ቀጭን ቱቦ፣ ሞተርና ጠርሙስ አለው። አንድ ዙር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል፣ ማዘጋጀትና ማጠብ ሲጨመር ግማሽ ሰዓት። በ9 ሰዓት ውስጥ ሦስት ዙር ቢሆን አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ይህንን ማንም የቀን መቁጠሪያ ላይ አልጻፈውም። የሚበላሸውስ? ሞተሩ ሊሆን ይችላል፣ ይበልጥ የሚያናድደው ግን ያቺ የጣት ጥፍር የምታህል ላስቲክ ናት። ታጥባ ለመድረቅ ቤት መደርደሪያ ላይ ቀርታለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ቱቦው ይንቀጠቀጣል፣ አየር ስለሚገባ ግን አይስብም። ስብሰባው በ10 ደቂቃ ውስጥ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ይመስላል፤ እዚህ ግን የሚለቀምም የለም። የምታደርገው በእጅ ማለብ ነው፤ ይቻላል፣ ይዘገያል። ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሩን በእግሯ ደግፋ፣ በስልክ የድምፅ ስብሰባ እየተሳተፈች። «ድምፅሽ ይቆራረጣል» ሲሏት የምትመልሰውን መጻፍ ለየትኛውም ጸሐፊ ደስታ ነው።

አንድ ዙር ከዘለለ ጡት ይወጠራል፣ ያማል፣ ከዘገየም ጡቱ ሊታመምና ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ስብሰባ የሰውነት ጉዳይም ነው። ወተት የሚያወርደው ሆርሞን ኦክሲቶሲን ደግሞ ፈቃድ አይጠይቅም፤ የሕፃን ድምፅ ሲሰማ ይነሳል፣ የራሷ ልጅ ባይሆንም። ስለዚህ ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ የልጅ ልጁን የለቅሶ ቪዲዮ ሲያሳይ ነጭ ሸሚዝ የለበሰችው ሴት ፋይሏን ደረቷ ላይ ትለጥፋለች። ምንም ንግግር አያስፈልግም። የሥራ ባልደረባ ከፍሪጅ የታለበ ወተት አውጥቶ ሻይ ውስጥ የሚጨምርበት ቀልድ ግን ይበቃዋል። ፍሪጅ ካስፈለገ ትክክለኛውን ሰዓት ተጠቀሙበት፦ የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል። አሳንሰር ውስጥ ሦስት ሰዓት ተኩል ያለፈው ጠርሙስ ይዛ የተዘጋባት ሴት፣ ከእሷ ጋር ደግሞ ዕድገቷን የሚወስነው ሰው። ሰዓት ያለው ዕቃ ቦምብ ብቻ አይደለም።

ቀረጻው ሌላ ዓለም ነው፤ ጸሐፊውም ሊያውቀው ይገባል፣ አለዚያ የማይቀረጽ ነገር ይጽፋል። የፊልም ሥራ በበዛባት በካሊፎርኒያ ከ15 ቀን በታች ያለ ሕፃን ለቀረጻ አይፈቀድም። ከ15 ቀን እስከ 6 ወር ያለው በቀረጻ ቦታ መቆየት የሚችለው 2 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያም የሚሠራው 20 ደቂቃ። ኃይለኛ መብራት በአንድ ጊዜ ከ30 ሰከንድ በላይ አይወድቅበትም። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለው 4 ሰዓት ይቆያል፣ 2 ሰዓት ይሠራል። የትኛውም ቦታ ላይ ብትቀርጹ ይህንን እንደ ልክ መያዝ አይጎዳም። በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ገጽ ንግግር ከሕፃን ጋር አይቀረጽም። ስለዚህ መንታ ይፈለጋል፤ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይገባል። ልምምዱ በአሻንጉሊት ይካሄዳል፣ መብራቱና ካሜራው ሁሉ በአሻንጉሊቱ ይስተካከላል፣ ሕፃኑ የሚገባው ሁሉም ዝም ካለ በኋላ ነው። በፊልም የሚወለዱ ልጆች ሁሉ የሦስት ወር ፊት ያላቸው ለምን እንደሆነ የሚገርመው ሰው ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሻንጉሊቱ ክብደት ይኑረው። አራስ ከ2.5 እስከ 4 ኪሎ፣ የስድስት ወር ልጅ ደግሞ 7 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። ባዶ አሻንጉሊት ያቀፈች ተዋናይት ክንዷ ይዋሻል፤ ከጀርባዋ ብትቀረጽም ይታወቃል። ለቅሶን ከሕፃኑ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ለብቻው ተቀድቶ ይገባል፤ ግን ከዕድሜው ጋር ይግጠም፣ የአራስና የአንድ ዓመት ልጅ ለቅሶ አንድ አይደለም። እንዲስቅ ከተፈለገ እናቱ ከካሜራው ሌንስ አጠገብ ትቀመጥ። ከ8 ወር በላይ የሆነ ልጅ ከሆነ ተዋናይቷ ከቀረጻው በፊት ለበርካታ ቀናት እየመጣች ትጫወትለት፤ አለዚያ የፊልሙ እናት ለልጁ የባዕድ ሰው ናት፣ ያለማወቅ ኮሜዲው ያለ ዳይሬክተር ይጀመራል። ከሁሉም በላይ የሚረሳው የልጁ ማደግ ነው። የሁለት ወር ቀረጻ ለአዋቂ ምንም አይደለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ትራስ ተደግፎ የነበረ ልጅ በመጨረሻው ሳምንት ብቻውን ይቀመጣል፣ ጥርስም ያወጣል። የሕፃኑ ትዕይንቶች ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጨፍልቀው ይቀረጹ፤ የቢሮው ትዕይንት ይጠብቅ።

አባትየውን ዳይፐር በፕላስተር የሚያጣብቅ ሞኝ ማድረግ ያረጀ ነው፣ እውነትም አይደለም፤ ዳይፐር መቀየር የሁለት ቀን ትምህርት ነው። ይልቅ በየቢሮው ያለውን ማየት ነው። ልጁን ይዞ ስብሰባ የገባ ወንድ «እንዴት ያለ አባት!» ይባላል፣ ፎቶ ይነሳል። በዚያው ሳምንት ልጇን ይዛ የገባች ሴት «ሞግዚት አጣሽ እንዴ?» ትባላለች። ሁለቱ ትዕይንቶች በአንድ ካሜራ ማዕዘን፣ በአንድ ዓይነት ልጅ፣ ያለ ምንም አስተያየት ተከታትለው ቢቀመጡ በቂ ነው። ከሥሩ ሙዚቃ የጨመረ ሰው አበላሸው።

ስለ መጨረሻውም። የተለመደው መዝጊያ ሥራዋን ለቃ የራሷን ድርጅት ከቤቷ ከፍታ በአንድ የሙዚቃ ርዝመት ስትበለጽግ ነው። «ቤቢ ቡም» ላይም የፖም የሕፃናት ምግብ አምራች ትሆናለች፤ እዚያ ቢያንስ ንግዱ የወጣው ከልጅቷ ማንኪያ ነው፣ ለዚያም ይቅር ይባላል። ተከታዮቹ ግን ሰዓቱ ከየት እንደመጣ አይነግሩንም። አዲስ ድርጅት ከቅጥር ሥራ የበለጠ ሰዓት ይበላል፤ ሕፃኑ በሞንታዡ፣ በሙዚቃ በተቀጣጠሉት አጫጭር ትዕይንቶች፣ ውስጥ ሲጠፋ ተመልካቹ «ማን ይዞት ነው?» ይላል። ከዚያ ይልቅ ትንሽ ድል ይሻላል። በ3 ሰዓት የሚጀመረው ስብሰባ ወደ 3 ሰዓት ተኩል ይገፋ። ገፊው ምክንያቱን አይናገር፤ አንድ ሌላ ሰው ብቻ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ድምፅ ሳያሰማ እፎይ ይበል። ቢሮው ውስጥ ሰዓቱን ሲደብቅ የኖረው እሷ ብቻ እንዳልነበረች ካሜራው ያያል።

አንድ ጥያቄ አለን፣ ክቡር አዘጋጅ። ገምጋሚዎቻችሁ እንዲህ ያለ ፊልም አይተው ሲጽፉ የተዋናዮቹን ስም፣ የፊልሙን ርዝመት፣ የዳይሬክተሩን የቀድሞ ሥራ ይዘረዝራሉ። ከጎኑ አንዲት መስመር ይጨመርልን፦ የሕፃኑ ዕድሜ በመጀመሪያው ትዕይንት ስንት ወር፣ በመጨረሻው ስንት ወር። ገምጋሚው ይህን መጻፍ ካልቻለ ጥፋቱ የእሱ ላይሆን ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊልም ጽሑፍና የቀረጻ ባለሙያዎች